ማተብ ፍለጋ ወደ መጥረጊያው ሜዳ

እኔ ተጠራጣሪ ሴት ነኝ፤ አልደብቅም። ወተት ስገዛ ቀኑን አይቼ አልረካም፣ ቤት ገብቼም አሸተዋለሁ። በር ቆልፌ ከወጣሁ በኋላ ተመልሼ እጀታውን እነቀንቃለሁ። ስለዚህ አበልጄ ጥሩወርቅ ከኮሎራዶ ደውላ «ዓለሚቱ፣ ልጅሽ ጉድ ሆናለች፣ ድረሽልኝ» ስትለኝ፣ ከሰው ሁሉ ለምን እኔን እንደመረጠች ወዲያው ነው የገባኝ።

«ልጅሽ» ያለችው የራሷን ልጅ ቤዛን ነው። ቤዛ የክርስትና ልጄ ናት። ያኔ እኔና ጥሩወርቅ ዴንቨር፣ ካፒቶል ሂል ውስጥ አንድ አፓርታማ ተከራይተን እንኖር ነበር። ቤዛ ሰማንያ ቀን ሲሞላት አቅፌ ለክርስትና ያቀረብኳት፣ ቄሱ ማተብ ሲያስሩላት አንገቷን ቀና አድርጌ የያዝኳት እኔ ነኝ። ማተቡ ላይ የተንጠለጠለችውን የወይራ እንጨት መስቀልም የሰጠኋት እኔ ነኝ። በኋላ እኔ ወደ ዳላስ ሄድኩ፣ ጥሩወርቅ እዚያው ዴንቨር አጠገብ አውሮራ ገባች፣ ቤዛም አድጋ ዩኒቨርሲቲ ገባች።

ጉዱ እንዲህ ነው። ቤዛ ኢንተርኔት ላይ ፎቶ ፖስት አድርጋለች። በፎቶው ላይ በሁለት እግሮቿ መሃል መጥረጊያ አስገብታ ትሮጣለች። በዙሪያዋ ያሉትም ወንድ ሴት ሳይባል ሁሉም መጥረጊያ ላይ ናቸው። ይሄ አልበቃ ብሎ አንገቷ ባዶ ነው። ማተብ የለም!

«ጠየቅኋት» አለችኝ ጥሩወርቅ። «‹አውልቂ አሉኝ፣ አወለቅኩ› አለችኝ። አውልቂ አሉኝ! ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁባት።» ከዚያ ድምጿ ዝቅ አለ። «ሄደሽ እይልኝ። እኔ ባየው ልቤ ትቆማለች። ማተቧን ጥላ ከሆነ ከዚያ ትምህርት ቤት አወጣታለሁ፣ ዕቃዋን ጠቅልላ ቤቴ ትገባለች። አልጣለችም ካልሽኝ ደግሞ አምንሻለሁ። የማንንም አልሰማም፣ ያንቺን ቃል ብቻ ነው የምሰማው።»

እንግዲህ የልጅቱ ነገር በእኔ አፍ ላይ ተንጠለጠለ። ጨዋታው የኮሌጆች ሻምፒዮና እንደሆነና ቅዳሜና እሁድ እዚያው አውሮራ እንደሚደረግ ጥሩወርቅ አጣርታ ነበር። ከሥራ ፈቃድ ጠየቅኩና ትኬት ቆረጥኩ።

ዓርብ፣ ከዳላስ ወደ ዴንቨር

ሁዳዴ ነው። መንገድ ላይ የሚሸጡትን «ጾም ነው» ቢሉኝ ስለማላምን በሶ በፕላስቲክ ቋጠርኩ። ጸበልም ያዝኩ። ፈሳሽ በብዛት አያሳልፉም ስለሚባል፣ ለሻምፑ በሚሸጡት ትንንሽ ጠርሙሶች ነው የገለበጥኩት። ዳላስ ፍተሻው ላይ ጸበሉ ምንም ሳይባል አለፈ፤ በሶው ተያዘ። ጓንት ያጠለቀች ሴትዮ ፕላስቲኩን በጨርቅ ጠርጋ ጨርቁን ማሽን ውስጥ ከተተች፣ ከዚያ ጓደኛዋን ጠራችና ሁለቱም በሶዬ ላይ አፈጠጡ።

«ገብስ ነው» አልኳቸው።

«ምን ይደረግበታል?»

«ይበላል!»

ያመኑኝ አይመስለኝም፣ ግን ለቀቁኝ። አልተቀየምኳቸውም፤ በእነሱ ቦታ ብሆን እኔም አላምንም ነበር።

ዴንቨር ከአውሮፕላን መስኮት ሲታይ ገላጣ ሜዳ ነው። ተራሮቹ በስተምዕራብ በኩል በረዷቸውን እንደለበሱ ራቅ ብለው ይታያሉ። የአየር ማረፊያው ጣሪያ ነጭ ድንኳን ይመስላል። ከሥሩ ምስጢራዊ ዋሻ አለ እያሉ ሰዎች ሲያወሩ ድሮ ሰምቻለሁ። ያኔ ሌሎቹ ሲስቁ እኔ አልሳቅኩም።

ጥሩወርቅ የምትሠራው እዚያው ነው፤ መራመድ የሚያቅታቸውን መንገደኞች በዊልቸር ትገፋለች። ፈረቃዋ ስላላለቀ አንዲት ነጭ ባልቴት እየገፋች ነው ያገኘችኝ። ሳመችኝ፣ መግፋቷን ግን አላቆመችም። እኔም ሻንጣዬን እየጎተትኩ ከጎኗ ሄድኩ።

«ጨዋታው ኩዊዲች ነበር የሚባለው» አለችኝ ከባልቴቷ ራስ በላይ። «ከልጆች ተረት ያወጡት ነው። ጠንቋዮች በመጥረጊያ እየበረሩ የሚጫወቱት።»

«በስመ አብ! አሁንስ ምን ይባላል?»

«አሁን ኳድቦል ብለውታል።»

«ለምን ለወጡት?»

«እኔ ምን አውቅልሻለሁ።»

«ደህና ነገር ስሙን አይለውጥም» አልኳት። በዕድሜዬ ስም የሚቀያይር ሰው አይቻለሁ፤ ሁልጊዜም የሚሸሸው ነገር አለው።

ድምፃችን ከፍ ብሎ ኖሮ ባልቴቷ አንገታቸውን አዙረው ደህና መሆናችንን ጠየቁ። ጥሩወርቅ በእንግሊዝኛ «ስለ ስፖርት ነው የምናወራው» ብላ አረጋጋቻቸው።

ፈረቃዋ አልቆ በመኪናዋ ስንወጣ፣ መንገዱ ዳር አንድ ትልቅ ሰማያዊ ፈረስ የፊት እግሮቹን አንስቶ ቆሟል። ዓይኖቹ ቀይ ይበራሉ። እኔ እዚህ ስኖር አልነበረም።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

«ሐውልት ነዋ!»

«ዓይኑን ለምን አቀሉት?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ገና ሳትደርሺ ፈረስ ትመረምሪያለሽ?» ብላ ሳቀች። ከደወለችልኝ ጀምሮ ስትስቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። እኔ ግን አማተብኩ።

ቅዳሜ፣ ሜዳው ላይ

ጠዋት ሳሩ ላይ ስስ በረዶ ነበር፤ ፀሐይ ወጣ ሲል ቀለጠ። ጥሩወርቅ ወደ ሥራዋ ስትሄድ አውሮራ ዳር ያለው የስፖርት ሜዳ በር ላይ ድሮፕ አደረገችኝ። እሷ ከመኪናው አልወረደችም፣ ወደ ሜዳውም ቀና ብላ አላየችም። እኔ ቤዛ እንዳታውቀኝ ብዬ ጥቁር መነጽር አድርጌያለሁ፣ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤያለሁ። የሚያልፍ የሚያገድመው ሁሉ ዞር እያለ ስላየኝ፣ መደበቂያው ብዙም የሠራ አይመስለኝም።

ከመኪና ማቆሚያው እስከ ሜዳው ያለው መሬት ጉድጓድ በጉድጓድ ነው። ከየጉድጓዱ ፍልፈል የሚመስሉ ቡናማ እንስሳት ብቅ ይሉና በኋላ እግራቸው ቆመው ያዩኛል። ጠጋ ስል ጮኸው ይገባሉ። አለፍ ስል ደግሞ ከፊቴ ያሉት ይወጣሉ፣ መምጣቴን የተነጋገሩ ይመስል። ዴንቨር ደጋ ነው፤ ዳላስ የለመደ ሳንባዬ በዚያች አጭር መንገድ ቁና ቁና አስተነፈሰኝ።

ሜዳው ድንኳን በድንኳን ሆኗል። ከየስቴቱ የመጡ የኮሌጅ ልጆች ቡድን በቡድን ሆነው ያሟሙቃሉ። በሜዳው ጫፍና ጫፍ ሦስት ሦስት ቀለበት እንጨት ላይ ተሰቅሏል፣ አንዱ ረጅም፣ አንዱ መካከለኛ፣ አንዱ አጭር። መጥረጊያ የተባለውን ነገር ጠጋ ብዬ ሳየው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የውሃ ቧንቧ! ነጭ የፕላስቲክ ቧንቧ፣ ጫፉ ላይ ጭራሮ እንኳ የለው። ጥርጣሬዬ ባሰ። መጥረጊያ ካልሆነ ለምን መጥረጊያ ይሉታል?

ጨዋታው ተጀመረ። ቧንቧውን በጭናቸው መሃል አድርገው በአንድ እጅ ይይዛሉ፣ በሌላው ኳስ ይቀባበላሉ፣ በቀለበቱ ያስገባሉ። ሌሎች ደግሞ ለስላሳ ኳስ ይዘው ሰው ይመታሉ። የተመታ ሰው ከቧንቧው ወርዶ፣ እስከ ራሱ ቀለበት ሮጦ፣ ነክቶ ነው የሚመለሰው። መያዝ፣ መጣል፣ መገፍተር ሁሉ አለበት። ወንዱ ሴቷን ይጥላል፣ ሴቷም ወንዱን ትጥላለች። በመሃል ቢጫ የለበሰ አንድ ሰው ሜዳ ውስጥ ይገባል፤ ከቁምጣው በስተኋላ ካልሲ ተንጠልጥሏል፣ ካልሲው ውስጥ ትንሽ ኳስ አለ። እሱን አሳዶ ኳሷን የነጠቀ ነጥብ ያገኛል፣ ጨዋታውንም ብዙ ጊዜ የሚጨርሰው ይሄ ነው።

አሳዳጇ ቤዛ ናት። ቢጫ ጨርቅ ግንባሯ ላይ አስራ፣ ቧንቧዋን ይዛ ያንን ሰውዬ ስታዋክበው አየኋት። እውነቱን ልናገር፣ አሳቀችኝ። ወዲያው አንገቷን አየሁና ሳቄ ደረቀ። ባዶ ነው። ጥሩወርቅ ያለችው ልክ ነው፤ ዓይኔ እስኪደክም ባይ ክር የሚባል ነገር የለም። ሳሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ለእናቷ ምን ብዬ ነው የምነግራት?

ጨዋታው አልቆ ልጆቹ ወደ ድንኳናቸው ሲሄዱ ቧንቧዎቹን መስመሩ ዳር ከምረው ተዉአቸው። ከጸበሉ ጠርሙስ አንዱን አወጣሁ። ግራ ቀኝ አየሁና፣ በስመ አብ ብዬ ክምሩ ላይ ረጨሁ። ሁለተኛውን ልከፍት ስል ፉጨት ተነፋ።

ከዳኞቹ አንዱ ከኋላዬ ቆሟል። «ምንድነው ያፈሰሱበት?» አለኝ በእንግሊዝኛ።

«ውሃ ነው።»

«ለምን?»

እስቲ ይሄ የት ተጀምሮ የት ያልቃል? ዳኛው አንዱን ቧንቧ አንስቶ በጣቱ ዳሰሰው፣ አሸተተው። ለካስ እንዲያንሸራትት ቅባት የቀባሁ መስሎታል። ይባስ ብሎ ክምሩ የተጋጣሚው ቡድን ኖሯል! ባለቤቶቹ መጥተው ከበቡኝ። ሰው ልሰልል ሄጄ እኔው በአሻጥር ተያዝኩ።

በዚህ መሃል አንድ ጸጉሩ ቀይ፣ ፊቱ ጠቃጠቆ የሆነ ረጅም ጎረምሳ በሰው መሃል ገባ። «ቆይ፣ ቆይ፣ አውቃቸዋለሁ» አለ። «የቤዛ የክርስትና እናት ናቸው፣ የዳላሷ። የተባረከ ውሃ ነው። የቤዛ እናትም መኪናዋ ላይ ትረጫለች።» ዳኛው ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገና ሄደ።

ላመሰግነው ይገባ ነበር። ግን ይሄ ልጅ እኔን ከየት ነው የሚያውቀኝ? ከእግር እስከ ራሱ አየሁት። ዓይኔ አንገቱ ላይ ሲደርስ ደሜ ፈላ። ጥቁር ክር፣ ጫፉ ላይ የወይራ እንጨት መስቀል። እኔ የሰጠኋት መስቀል!

«ይሄን ከየት አመጣኸው አንተ?» ብዬ በአማርኛ ጮህኩበትና መስቀሉን ጨበጥኩ። ልጁ አልሸሸም፣ አልጎተተም። ክሩ እንዳይበጠስ ብሎ እኔ ወዳለሁበት ጎንበስ አለ።

ቤዛ ላብ በላብ ሆና እየሮጠች መጣች። «አክስቴ?! ኦ ማይ ጋድ፣ መቼ መጣሽ?»

«መቼ መጣሽን ተዪው! ማተብሽ ምነው ጎረምሳ አንገት ላይ?»

«አክስቴ፣ ፕሊስ፣ ስሚኝ። ሬፈሪው አንገት ላይ ምንም አይፈቅድም። ሰው ጎትቶ ሲጥልሽ ሊያንቅሽ ይችላል፣ ሴፍቲ ነው። ፕላስተር ለጥፌበት ሞከርኩ፣ ኖ አሉኝ።»

«ታዲያ ቦርሳሽ ውስጥ አታስቀምጪውም ነበር?»

«ማሚ ‹ማተብ ከአንገት አይወርድም› አይደል የምትለው? ቦርሳ አንገት ነው እንዴ? ስለዚህ እኔ ስገባ ታይለር ያደርገዋል። ታይለር ሲገባ ሌላ ሰው። ሁልጊዜ የሆነ ሰው አንገት ላይ ነው።»

«ይሄን ለእናትሽ አትነግሪያትም?»

«አውልቂ አሉኝ ስላት ዘጋችብኝ። ከዚያ ስደውል አታነሳም።» ዓይኗ እንባ አቀረረ።

እንዲህ በቀላሉ የማምን ሰው አይደለሁም። «ለመሆኑ ይሄ ልጅ ምንሽ ነው?» አልኳት።

«ጓደኛዬ ነው። ስላንቺ ሁሌ እነግረዋለሁ፣ ፎቶሽንም አይቷል።»

«ምን ዓይነት ጓደኛ?»

«አክስቴ! ገርልፍሬንድ አለው፣ ያቻትልሽ!»

ያቻትልሽ የተባለችውንም ዞሬ ደህና አድርጌ አየኋት። ከዚያ መነጽሬን አውልቄ፣ በሶዬን በጥብጬ፣ ቀኑን ሙሉ መስመሩ ዳር ቁጭ ብዬ ስጠባበቅ ዋልኩ። ቤዛ ስትገባ ማተቡ ወደ ታይለር ይሄዳል። ታይለር ሲገባ ወደ አንዲት አጭር ልጅ ይሄዳል። ቤዛ ስትወጣ፣ ውሃ እንኳ ሳትጠጣ መጀመሪያ አንገቷን ትሰጣቸዋለች፣ ያጠልቁላታል። ሲያደርጉት አንዳቸውም አይስቁም፣ አይቀልዱም። የሰው አገር ልጆች ናቸው፣ ማን አስገደዳቸው?

ያን ቀን ማምሻውን ጥሩወርቅን «አየሁት፣ አለ» አልኳት።

«በዓይንሽ?»

«በማተቤ! ስትጫወት ብቻ ጓደኛዋ አንገቱ... አንገት ላይ ይያዝላታል፤ የጨዋታው ሕግ ነው።» ጓደኛዋ ወንድ መሆኑን አልፌ ሄድኩ። እውነት ሁሉ በአንድ ምሽት አይነገርም።

ጥሩወርቅ ትንሽ አሰበችና «እንግዲያው ነገ ስትጨርስ ትምጣና እራት ትብላ» አለች። «አንገቷን እኔም አየዋለሁ። ካየሁ ነገሩ አለቀ።»

እሁድ፣ ፍጻሜው

ከቅዳሴ መልስ ቀጥታ ሜዳ ሄድኩ። የቤዛ ቡድን ለፍጻሜ ደርሷል። ግን ሁለት ልጆች ከጨዋታ ውጪ ሆነዋል፤ አንዷ ቁርጭምጭሚቷ ዞሯል፣ አንዱ ነስር አላቆም ብሎታል፤ ሁለቱም ሕክምና ድንኳን ገብተዋል። በዚህ ደረቅ አየር ነስር ብርቅ አይደለም። ስለዚህ ታይለርም የቀሩትም ሁሉ ይገባሉ ተባለ። ታይለር ማተቡን ከአንገቱ አውጥቶ ግራ ቀኝ አየ። ባዶ አንገት ፈልጎ ሲያጣ ወደ እኔ መጣ።

ተቀበልኩትና ኮቴ ኪስ ውስጥ ልከተው ስል እጄን ያዘኝ። «ኖ፣ ኖ። ኪስ አይሆንም፣ አንገት ነው» አለኝ በእንግሊዝኛ።

ለእኔ! ባቀፍኳት ልጅ ማተብ! አፈርኩም ሳቅሁም። ነጠላዬን ገለጥ አድርጌ ከራሴ ማተብ ላይ ደርቤ አጠለቅኩት፣ ነጠላዬንም መለስኩ። እሱም አውራ ጣቱን አሳይቶኝ ቧንቧውን ይዞ ሮጠ።

ጨዋታውን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ነው የጮህኩት። «በግራ ነው! በግራሽ ነው ያለው!» እያልኩ መስመር ለመስመር ሮጥኩ፣ ትንፋሽ ማጠሩንም ረሳሁት። ያ ቢጫ ለባሽ ግን ተንኮለኛ ነው፤ ቤዛ ካልሲውን ልትይዝ አንድ ጣት ሲቀራት ዞር አለባት፣ እሷም በደረቷ ሳር ላይ ወደቀች። እስክትነሳ የተጋጣሚው ልጅ ከኋላ መጥቶ ኳሷን ነጠቀ። አለቀ፣ ተሸነፉ።

ቤዛ አንገቴ ሥር ገብታ እንደ ሕፃን አለቀሰች፣ እኔም አብሬያት። ሁለተኛ መውጣት ትንሽ ነገር አይደለም ብላት ማን ሰምቶኝ። ያ ሁሉ ሰው ሲላቀስ፣ ሲተቃቀፍ፣ ፎቶ ሲነሳ የአውሮፕላኔ ሰዓት ደረሰ። ታይለር በመኪናው እያከነፈ ባቡር ጣቢያ አደረሰኝ። አሥር ዶላሬን ከፍዬ ወደ አየር ማረፊያው ተሳፈርኩ፣ መንገዱን ሙሉም ያን ቢጫ ለባሽ ስረግመው ሄድኩ።

ዳላስ

ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ስልኬ ጠራ። ጥሩወርቅ ናት።

«አበልጄ፣ ቤዛ መጥታለች። አንገቷ ባዶ ነው።»

«ምን?»

«የት አደረግሽው ብላት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ‹አክስቴ ጋ ነው!› መጥረጊያው አንሶ ቅጥፈት ተጨመረ! አንቺን ባገርሽ አስቀምጣ በሐሰት ትጠራሻለች!»

«እኔ ጋ? እኔ ጋ ምን ይሠራል?» አልኩ።

ከአፌ ወጣ። ታይለር ጋ ነው፣ የት ይሄዳል፣ ብዬ ነበር የማስበው። ጥሩወርቅ ወደ ልጇ ዞራ፣ በማላውቀው ቀዝቃዛ ድምፅ «ሰማሽ?» አለቻት። «ሰኞ ዕቃሽን እናመጣለን።» ቤዛ አልተከራከረችም። ከሩቅ «አክስቴ፣ ፕሊስ» ስትል ብቻ ሰማኋት።

ግራ ገብቶኝ ነጠላዬን ከላዬ ሳነሳ ጣቴ ክር ነካ። ማተቤ ነው። ከላዩ ሌላ ክር አለ። እሱን ተከትዬ ስወርድ እጄ ከወይራ እንጨት መስቀሏ ላይ አረፈ። ወይ አምላኬ!

«ጥሩዬ፣ ቪዲዮ አድርጊው!»

«ምን ሊረባ?»

«አድርጊው ብያለሁ!»

ጥሩወርቅ ምድጃዋ አጠገብ ቆማለች። ከኋላዋ ቤዛ ጃኬቷን እንኳ አላወለቀችም፣ ቦርሳዋም ትከሻዋ ላይ ነው። ወንበር አልተሰጣትም። መስቀሉን እስኪደበዝዝ ድረስ ወደ ካሜራው አስጠጋሁት። «ይኸው! ልጅሽ አልዋሸችም። ቀጣፊዋ እኔ ነኝ። ሳላውቀው አንገቴ ላይ አድርጌው አውሮፕላን ተሳፍሬ መጣሁ።»

ጥሩወርቅ ትክ ብላ አየች። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ፣ አልጮኸችም።

«ነገ በፖስታ ልላከው?» አልኳት።

«ማተብ በፖስታ አይሄድም። ለፋሲካ ራስሽ አምጪው።»

«እስከዚያ ባዶ አንገቷን ልትሆን ነው?»

ጥሩወርቅ ስልኩን አንድ ነገር ላይ አስደግፋ አቆመችው። ሁለት እጇን ወደ አንገቷ ሰደደች። ከአንገት አይወርድም ስትል የኖረች ሴት የገዛ ማተቧን አውልቃ ወደ ልጇ ዞረች። ቤዛ በቁመት ትበልጣታለችና ጎንበስ አለችላት። «ያንቺ እስኪመጣ» ስትላት ሰማሁ። ከዚያ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ተቀበለቻትና «በይ ቁጭ በዪ፣ ምግቡ ቀዘቀዘ» አለች። ቤዛ ግን መጀመሪያ ወደ ስልኩ መጣች። ዓይኗ እንደቀላ ሳቀችብኝና «ኪስ አይሆንም፣ አክስቴ» ብላ ዘጋችው።

ከዚህ ጉዞ ምን ተማርሽ ለምትሉኝ፣ መጠርጠሬን አልተውኩም። የዚያን ፈረስ ዓይን ለምን እንዳቀሉት ዛሬም ይከነክነኛል፣ በሬንም ተመልሼ እነቀንቃለሁ። ሰው ከመጠርጠሬ በፊት ግን አሁን የራሴን አንገት እዳስሳለሁ። ይሄን ስጽፍም ዳስሼ ነበር፤ ሁለቱም አሉ።